ሠላሳ ሚሊ ሊትር

«የግመል ደም ያልፋል፤ የልጄ ሥጋ ይመለሳል» አሉ ሐጃ ዳሀቦ።

ለኢልዋድ አልነበረም ያሉት። ለመቀበያው መስኮት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች ነበር፤ ምስክር እንደሚቆጥር ሰው። ፓስፖርት ወደ ናይሮቢ ሊልኩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት የያዘችውን ፖስታ ጠርዝ በጥፍሯ እየላጠች ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጋ አየችና ዓይኗን መለሰች። ኢልዋድ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሰምታም ማኅተሙን አነሣችና ቀጣዩን ፖስታ መታች። ሐጃ ዳሀቦ የባሏ እናት ናቸው፤ ሥጋው የተባለውም የባሏ እህት የኸድራ ነው።

ሐጃ ዳሀቦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ በሀርጌሳ፣ በአሕመድ ዳጋህ ዋና መንገድ ላይ ያለው የአየር መልእክት ቢሮ ጢም ብሎ ነበር። ሐሙስ ነው፤ ነገ ዓርብ ሁሉም ይዘጋል፤ ቅዳሜ በረራ የለም፤ የዛሬው የአሥር ሰዓት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ያመለጠው ዕቃ እስከ እሑድ ይቀመጣል። ቢሮው በወርቅ ቤትና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። የሚንቋቋ የጣሪያ ማራገቢያ አለው፣ አንድ ሚዛን አለው፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ኢልዋድ አዲስ አበባ ለአምስት ቀን ሠልጥና ስትመለስ ያመጣችው ሥዕል ተለጥፏል፦ ብልቃጥ፣ ብልቃጡን የዋጠ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን የዋጠ ካርቶን። ደምም ይሁን ሽንት ወይም ከሰው ገላ የተቆረጠ ነገር በአየር የሚሄደው እንዲህ ሦስት ልብስ ለብሶ ነው። ብልቃጡ የማያፈስ መሆን አለበት፤ በብልቃጡና በቆርቆሮው መካከል የፈሰሰውን የሚመጥ ጥጥ ይገባል፤ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ካለበት ፈሳሹ ከሠላሳ ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ካርቶኑ ላይ የላኪውና የተቀባዩ ስም ከነስልካቸው ይጻፋል። በዚያ ቢሮ ይህን መርምሮ «ይሄዳል» ብሎ ለመፈረም ፈቃድ ያላት ኢልዋድ ብቻ ነች። ጅግጅጋ ተወልዳ፣ እዚያው በአማርኛና በሶማሊኛ ተምራ፣ ሀርጌሳ አግብታ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ትልቁ ሀብቷም ይኸው ትምህርቷ ነበር።

መሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ። ባለፈው ወር ከአንድ ክሊኒክ የመጣ ጠርሙስ ወደ አየር ማረፊያ ሲሄድ መኪና ውስጥ ፈስሶ የሰው ፓስፖርት አበላሽቷል። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ሁለተኛ ከተደገመ የመቀበል ፈቃድሽ ይሰረዛል ይላል። ፈቃዱ ከተሰረዘ መስኮቱ የለም፤ መስኮቱ ከሌለ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር የያዙት የሁለት ክፍል ኪራይ የለም። ባሏ ፋራህ በርበራ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ሥራው መርከብ ሲመጣ ይመጣል፣ መርከብ ሲሄድ ይሄዳል።

ሐጃ ዳሀቦ ከጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያወጡት የማዮኔዝ ጠርሙስ ነበር። ፈሳሹ እስከ አንገቱ ሞልቷል፣ ክዳኑ ዙሪያ ፕላስተር ተጠምጥሟል፣ ፕላስተሩም ረጥቧል። ሽታው ከመስታወቱ በታች ባለው ክፍት ቦታ ገብቶ የኢልዋድን ዓይን ቆጠቆጠው። መካከል ላይ፣ ከቴምር የማይበልጥ፣ ጽጌረዳ ቀለም ያለው ነገር ተንጠልጥሏል። ኸድራ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የተቀደደችው። ሐኪሙ ከጡቷ ውስጥ እብጠቱን ሙሉውን፣ ሥሩን ጭምር አውጥቶታል። እሱን የሚያነብ ሰው እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባ ያለ ላብራቶሪ አይቶት ክፉ ነው ካለ ጡቱ ይቆረጣል፣ ክፉ አይደለም ካለ ኸድራ ቁስሏ ሲደርቅ ወደ ተማሪዎቿ ትመለሳለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ኢልዋድን ሳትጠራ የምትጠይቃት፣ ከቴሌቪዥን ድራማ የለቀመችውን አማርኛ እየሰባበረች የምታስቃት እሷ ብቻ ነበረች።

«ኤዶ፣ ይኼ ፈሳሽ አውሮፕላን ላይ አይወጣም» አለች ኢልዋድ። እንደ አገሩ ወግ አማቷን ኤዶ ነው የምትላቸው። «በዝቷል። ክዳኑም ያንጠባጥባል። ይሸታል።»

«ሐኪሙ ነው እንዲህ አድርጎ የሰጠኝ።»

«ሐኪሙ አውሮፕላን አያውቅም።»

«አንቺ ግን ታውቂያለሽ» አሉ ሐጃ ዳሀቦ። «ሐበሾች አስተምረውሻል።»

ይህችን ነገር ኢልዋድ ለአራት ዓመት ሰምታታለች። በሠርጓ ማግሥት ሐበሻዋ ተብላ ነበር፤ ወጧ ላይ በርበሬ ሲበዛ ሐበሻዋ፣ ልጅ ሲዘገይ ሐበሻዋ። ሐጃ ዳሀቦ እሳቸውም በጦርነቱ ጊዜ ጅግጅጋ አጠገብ፣ ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ሦስት ዓመት ከርመዋል፤ ከዚያ የተረፋቸው ግን ቋንቋ ሳይሆን መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥን ሰው ሁሉ መጥላት ነው። ዛሬ መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው የልጃቸው ሚስት ነች። ኢልዋድ በመደርደሪያው ላይ ከነበሩት ዝግጁ ሣጥኖች አንዱን አወረደች፤ ብልቃጡ፣ ቆርቆሮው፣ ጥጡ፣ ካርቶኑ ሁሉም አንድ ላይ ነው፣ ሠላሳ አምስት ዶላር። ዋጋውን ሳትናገር ከራሷ ስልክ ከፈለችው። በዚህ ብልቃጥ ይቀየር፣ ፈሳሹ ከዚህ መስመር እንዳያልፍ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ይምጣ አለቻቸው። መስመሩን በጥፍሯ አሳየቻቸው። የቀረውን አልተናገረችም። ያን ጠርሙስ አስገብታ፣ ጓንት አጥልቃ፣ በአሥር ደቂቃ ራሷ ልትቀይረው ትችል ነበር። የሚቀበል ሰው አያሽግ፣ ያሸገ ሰው አይቀበል የሚል ደንብ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን እንደ እውነቱ ከሆነ ያገዳት ደንቡ ብቻ አልነበረም። ሐጃ ዳሀቦ ጠርሙሱን በተራ ጠባቂዎቹ ፊት ወደ ላስቲኩ ሲመልሱ አይታ፣ አንዲት ትንሽ፣ ሞቅ ያለች ነገር ተሰምታት ነበር። ደስታ ልትላት አልፈለገችም።

የአንድ ግመል ላኪ ነጋዴ ሰዎች የገቡት በዚህ መሐል ነው። አራት ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዘው ነበር፤ ውስጡ የባሕር ማዶው ገዢ ስለጠየቀ ለምርመራ የሚሄድ የግመል ደም። ኢልዋድ የመጀመሪያውን ስትከፍት ብልቃጦቹ በገበያ ፌስታል ተጠቅልለው በበረዶ መካከል ተጋድመዋል። ቆርቆሮ የለም፣ ጥጥ የለም፣ ካርቶኑ ላይ ስልክም የለም። አይሄድም ልትል አፏን ስትከፍት የቅርንጫፉ ኃላፊ ማህዲ ከኋላ መጥቶ ሣጥኑን በመዳፉ ዘጋው።

«መርከቡ ሳምንት ነው የሚነሣው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስት ሺህ ግመል በርበራ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያንቺን ጥጥ ይጠብቅ? ፈርሚ፤ የጎደለውን መኪና ላይ ይለጥፉታል።»

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ማህዲ፣ ፈገግ ብሎም ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

ፈረመች። ያን ጊዜ ነው ሐጃ ዳሀቦ ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዙረው የተናገሩት። ከዚያ አዲሱን ሣጥን በብብታቸው፣ ጠርሙሱን በእጃቸው ይዘው፣ በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ፋራህ ከበርበራ ደወለ። ሰላምታው አጭር ነበር። እናቴን መልሰሻታል ወይ አለ። ደንቡ ነው አለችው።  ከዚያ በኋላ ከጀርባው የክሬን ጩኸት፣ የሰው ጥሪ፣ ንፋስ ብቻ ይሰማ ነበር።  በአራት ዓመት ትዳራቸው ውስጥ የተጣሉት ሁሉ እንዲህ በስልክ ዝም በመባባል ነው፤ ሒሳቡ የሚያልቀው አንዳቸው ሲዘጉ ነው። ዛሬ የዘጋው እሱ ነበር። ኢልዋድ ከዚያ በኋላ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ጫት የጫኑት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ በመንገዱ በረሩ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው ከተማው ቀስ እያለ ባዶ ሆነ፣ ወርቅ ቤቱም መዝጊያውን አወረደ። ሐጃ ዳሀቦ እንዲመጡ ትመኝ ነበር። ሳይመጡ ቢቀሩ ጥፋቱ የማን እንደሚባል ታውቃለችና።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጡ። ሻሻቸውን ቀይረዋል፤ እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይላል። ሣጥኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው «የሚያፈስ ከሆነ እዪው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ኢልዋድ ከፈተችው። እንዲህ የተሠራ ሣጥን ከትልቁ ሆስፒታል እንኳ መጥቶላት አያውቅም። ጥጡ በአግባቡ ዙሪያውን ተጠቅጥቋል፣ ቆርቆሮው ጥርቅም ብሎ ተገጥሟል፣ ብልቃጡ ጠርቷል፤ ፈሳሹ በጥፍሯ ካሳየችው መስመር በፀጉር ያህል ዝቅ ብሎ ቆሟል። ቁራጩ ከጠዋቱ ነጣ ብሎ ከታች ተኝቷል። ብልቃጡን ደፍታ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ደቂቃ ያዘችው። ወረቀቱ ደረቅ ነው። እንደ ልማዷ ክዳኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም አይሸትም።

«የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ነው የቀየረው?» አለች።

«ተቀይሯል» አሉ ሐጃ ዳሀቦ።

ወንበሩ ላይ አሁንም ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጠዋት በሰው ፊት ያዋረደቻቸውን አሮጊት እንደገና ማን፣ የት፣ እንዴት ብላ ልትመረምር አንደበቷ አልታዘዝ አለ። ማረጋገጫ ወረቀቷ ላይ አሥራ አንድ ጥያቄ አለ። ፈሳሹ ምንድን ነው የሚለውም አንዱ ነው፤ ሆስፒታሉ ጠዋት በሰጠው ወረቀት ላይ ፎርማሊን ተብሎ ተጽፏል፣ እሷም ፎርማሊን ብላ ገለበጠች። ፎርማሊን እንዲህ ከቶ ሳይሸት ይቀራል ወይ የሚል ሐሳብ ብቅ አለ። ማህዲ ከጓሮ መኪናው ሊወጣ ነው ብሎ ጠራ። ሐሳቡም እንደ መንገደኛ በደጅ አልፎ ሄደ። አሥራ አንዱም ላይ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች፣ ማኅተሙን መታች። በቀኑ ውስጥ ያለ ኀፍረት የፈረመችው ይህን ብቻ ነበር። ሐጃ ዳሀቦ ማኅተሙ ሲያርፍ አይተው ሲወጡ፣ ሳይዞሩ፣ ማታ ኸድራን መጥተሽ እዪ አሏት። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ ሐጃ ዳሀቦ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ማሕሙድ ሃይቤ ወረደች። ግማሽ ኪሎ ወይንና አንድ ጠርሙስ የማንጎ ጭማቂ ገዝታለች። የቤቱ በር ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ፣ በስተግራ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ቦይ ግቢውን ቆርጦ ወደ መንገድ ይፈሳል። ሁለት እርምጃ እንደገባች ዓይኗን ቆጠቆጣት። ቆመች። ከቦዩ ነበር የሚመጣው። ጠዋት በመስታወቱ ሥር የገባባት፣ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡ ክዳን ላይ ያጣችው ሽታ እዚህ፣ ከሽንኩርት ልጣጭና ከሳሙና አረፋ ጋር ተጋድሞ ጠበቃት። የማዮኔዝ ጠርሙሱ ታጥቦ ግንቡ ላይ ተደፍቷል።

ኸድራ ትልቁ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ነበረች፤ ደረቷ ተጠቅልሎ፣ ራስጌዋ የተማሪዎቿ ደብተር ተከምሮ። ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም። ኢልዋድን ስታይ ፈገግ ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ «እንዴት ዋለሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ» አለቻት፤ ቀልዳቸው ነበር። ሐጃ ዳሀቦ ምንጣፉን አራግፈው አስቀመጧትና የግመል ወተት የገባበት ሻይ ቀዱላት። ሳትጠይቃቸው ነገሯት። የጠሉትን ሰው ይቅር ያለ ሰው እንደሚናገረው በሰፊው ነገሯት።

ከቢሮው እንደወጡ ሆስፒታል ሄደው ነበር። የላብራቶሪው ሰው በሥራ ላይ ነው ተብለው እስከ ስድስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። በስድስት ሰዓት ሰውየው በፊታቸው አልፎ ወጣ፤ ዘበኛው ጫት ገብቷል፣ ከመግሪብ በፊት አይመለስም አላቸው። ሰዓቱ ሄደ። ለምኜ ነበር አሉ፤ ማንም ሊነካው አልፈለገም። ያን ጊዜ የኢልዋድ ነገር ትዝ አላቸው። አውሮፕላን ላይ የማይወጣው ሥጋው ሳይሆን ፈሳሹ ነው ብላቸዋለች። በዝቷል፣ ያንጠባጥባል፣ ይሸታል ብላቸዋለች። ቤት መጡ።

«ያን መርዝ ደፋሁት» አሉ ሐጃ ዳሀቦ። «የልጄን ሥጋ ሲያነጣው እያየሁ እንዴት አስቀድሜ አልገባኝም። ቢስሚላህ ብዬ ሦስት ውኃ አጠብኩት። አልጋዬ ሥር ከሐጅ ያመጣሁት የዘምዘም ውኃ ነበረ፤ ለመገነዣዬ ብዬ ያስቀመጥኩት። እሱን ሞላሁበት፣ አንቺ በጥፍርሽ እስካሳየሽኝ ድረስ። ከዚያ በላይ አንድ ጠብታ አልጨመርኩም። አንቺ እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት።»

ኢልዋድ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ሦስት ነገር ተናግራ ነበር፤ ሦስቱም ስለ ፈሳሹ ናቸው። ፈሳሹ ለምን እዚያ እንደተደረገ፣ ያለ እሱ ከገላ የተቆረጠ ነገር እንደ ማንኛውም ሥጋ እንደሚሸት፣ ውኃ ምንም ቢባረክ ሥጋ እንደማያቆይ አልተናገረችም። ሐኪሙ አውሮፕላን አያውቅም ብላ ነበር። ስልክ ልደውል ብላ ወደ ግቢው ወጣች።

ዮፍታሔ የአየር መንገዱ የጭነት ሠራተኛ ነው፤ የናዝሬት ልጅ፣ ሁለት ዓመት በሀርጌሳ የከረመ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ሳቅ ሳቅ ይል ነበር። «ደሞ ምን ቀረ? የግመሉ ነው የሰዉ?»

«የሰዉ። ዮፍታሔ፣ አንዱ ሣጥን… ውስጡ ያለው ፈሳሽ ልክ አይደለም። አዲስ አበባ ሲያርፍ አንድ ሰው ከፍቶ ፎርማሊን ይጨምርበት። አሁኑኑ፣ ዛሬ።»

«ኢልዋድ፣ የታሸገ ናሙና መንገድ ላይ የሚከፍት የለም። ከተቀባዩ በቀር ማንም። ይኼን ለእኔ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ተቀባዩ መቼ ያገኘዋል?»

«ነገ አመሻሽ ላይ ከጉምሩክ ቢወጣ ነው። ቅዳሜና እሑድ ላብራቶሪው አይቀበልም። ሰኞ በያቸው» አለና ትንሽ ቆየ። «የማን ነው?»

«የደንበኛ ነው» አለች።

ላብራቶሪው ጋ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ከዚያ ላብራቶሪ የሚመጣውን መልስ በቢሮዋ በኩል ሲያልፍ አይታ ታውቃለች። አንድ መስመር ነው፦ ናሙናው ተበላሽቷል፣ ሌላ ይላክ። ኸድራ ሌላ የላትም፤ ሐኪሙ ሙሉውን፣ ሥሩን ጭምር አውጥቶታል። ክፉ ይሁን አይሁን ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ወይ በጨለማ ጡቷን ይቆርጧታል፣ ወይ በጨለማ ይተዋታል። የግመሎቹ ደም ግን በረዶው ውስጥ ስለሆነ ደኅና ይደርሳል። ኢልዋድ ቦዩ አጠገብ ቆማ ከመስጊድ የሚመጣውን አዛን እስኪያልቅ ሰማች። ገብታ ልትናገር የምትችለውን በሁለቱም ቋንቋ ሞከረችው። ኤዶ፣ ልጅዎን በእጅዎ… አንዱም ቋንቋ አልወጣላትም። ወይም እኔ ነኝ፣ እኔ ስላልነገርኩዎት… ይኼኛውም አልወጣም። ሌላው ቢቀር ለኸድራ መናገር ነበረባት፤ ገላው የእሷ ነው። ነገ፣ ነቃ ስትል አለች። እንዲህ ስትልም ነገ እንደማትናገር ታውቅ ነበር።

ስትመለስ ኸድራ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አልተኛችም ግን። መልሱ መቼ ይመጣል ብላ በሶማሊኛ ጠየቀች። ኢልዋድ በሚቀጥለው ሳምንት አለች። ሐጃ ዳሀቦ ተነሥተው የቀዘቀዘውን ሻይ ደፉና ትኩስ ሊቀዱላት ብርጭቆዋን አነሡ።

«ደረሰ ወይ፣ ሆዮ?» አሏት። ሆዮ እናት ልጇን የምትጠራበት ነው፤ እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ኢልዋድን በዚህ የጠራት አልነበረም።

«ደርሷል፣ ኤዶ።»

«መንገድ ላይ አልፈሰሰም?»

«ጠብታ አልፈሰሰም» አለች ኢልዋድ።

ሐጃ ዳሀቦ አልሐምዱሊላህ ብለው ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉላት። እሷም እንዳይፈስባት ተጠንቅቃ በሁለት እጇ ተቀበለችው።